ሬሳ ተራ አይጠብቅም

ነፊሳ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ስትገባ ወለተ ጊዮርጊስ ጌሾ እየወቀጠች ነበር።

«ወለቴ፣ ዘነዘናውን ተይውና ወዲህ እይ። የኛ ድልድይ ወጥቷል» አለች ነፊሳ። ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ ናት።

«ወዴት ወጣ? ወንዝ ውስጥ የተጋደመ ድልድይ እግር አበቀለ?»

«በስልክ ወጣ ነው የምልሽ! ይኸው ፎቶው። ጎኑ ላይ ደግሞ ካሣሁን አለ፣ በከረባት ታንቆ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ፊደል አልቆጠረችም፤ ባለመቁጠሯም አንገቷን ደፍታ አታውቅም። «ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሰው ቢሆን ይህ አገር በሰው በሞላ ነበር» ነው የምትለው። ሥዕል ለማየት ደግሞ ፊደል አያሻም። ስልኩን ተቀብላ ከዓይኗ አራቅ አደረገችው። የተበጠሰ የብረት ገመድ፣ ዓለቱ ላይ የተንጠለጠለ ሳንቃ፣ ከማዶ ዋርካው። ልጇ አስቻለው ወድቆ የቀረው እዚያ ነው።

«ጽሕፈቱ ምን ይላል?»

«ልጄ ሰሚራ ናት ያነበበችልኝ። ‹ከዋርካ ውኃ ድልድይ መውደቅ የምንማረው› ይላል። መሐንዲስ የተባለ ሁሉ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ በያለበት ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ይሰማዋል አሉ። ሥራ ላይ ያሉት እንዲህ እየተማማሩ ነው ፈቃዳቸው የሚታደስላቸው። የነገው አስተማሪ ካሣሁን ነው።»

«የሠራው ወድቆበት አስተማሪ?» ወለተ ጊዮርጊስ ዘነዘናውን አነሳች። «እንግዲህ ያልወደቀበትማ ጳጳስ ሳይሆን አይቀርም!»

ካሣሁን ባዕድ ቢሆን ባልከፋ። በአርባ ቀኑ አቅፋ ያስጠመቀችው የክርስትና ልጇ ነው። ከአስቻለው ጋር በአንድ ትሪ በልቶ አድጓል። ተምሮ መሐንዲስ ሲሆን እልል ብላለታለች፤ በዋርካ ውኃ ላይ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ሲመጣማ ጠላ ጠምቃ ሠራተኛውን ሁሉ አጠጥታለች።

ድልድዩ አንድ ክረምት ከረመ። ጥቅምት ላይ አንዳርጌ የሚባሉ ሽማግሌ ሞቱና ሬሳቸው ወደ ማዶው ሚካኤል ጉዞ ጀመረ። በዚያ አገር ሬሳ ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ በየመንገዱ እየቆመ ቄሶች ፍትሐት ያደርሱለታል፤ የሚያርፍበት ቦታ ምዕራፍ ይባላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ዋርካ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አንዱ ምዕራፍ ነው። ድሮ ለቀስተኛው ውኃውን በእግሩ ተሻግሮ አሸዋው ላይ በሰፊው ይቆም ነበር። ድልድዩ ግን አፉን የከፈተው ልክ ከዋርካው ሥር ነው። ስለዚህ ቃሬዛው ዋርካው ሥር ሲያርፍ ከኋላ ያለው ሰው በሙሉ ሳንቃው ላይ ታጭቆ ቀረ፤ ሴቱ ደረቱን እየደቃ፣ ወንዱ እየፎከረ። ገመዱን ከማዶ የያዘው ሲሚንቶ ከነሥሩ ተነቀለ።

የቃሬዛውን ፊት የያዘው አስቻለው ነበር። ሬሳውን አሳርፎ ቀና ሲል ድልድዩ ሲያቃስት ሰማና ተመልሶ ገባ። ለአንዳርጌ ቀብር የመጣችውን ነፊሳን በክንዷ ጎትቶ ወደ ዓለቱ ወረወራት፤ እሱ ከሳንቃው ጋር ሄደ። እጅ እግሩ የተሰበረው ብዙ ነው፤ የነፊሳም ክንድ እስከዛሬ አይቀናም። የሞተው ግን አስቻለው ብቻ ነው።

ከዚያ ከመንገድ ቢሮ ሰዎች መጡ። «ሬሳውን ድልድዩ አፍ ላይ ማን አቆመው?» አሉ። «ፊቱን የያዘው አስቻለው» ተባለ። በዚያው ጸና። ወለተ ጊዮርጊስ ወፍጮ ቤት ስትሄድ «የዚያ ሬሳ አቁሞ ሰው ያስፈጀው እናት» ሲሉ ትሰማለች። የአስቻለው ልጅ ጽዮን ከትምህርት ቤት ዓይኗ አብጦ ትመለሳለች። ካሣሁን ለለቅሶው መጥቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ቆረጠመ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ወለተ ጊዮርጊስ ያን ዝምታ ሐዘን መስሏት ነበር። ሞኝ ናት እንዴ? አይደለችም። ያቀፉትን ልጅ መጠርጠር ግን ለማንም ይከብዳል።

በማግስቱ ካሣሁን ኮምፒውተሩን በጀርባው አዝሎ ደጇ ቆመ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?»

«እግዜር ይመስገን። ጠፋህ፤ ምነው፣ ድልድይ ተሰበረብህ?»

ፊቱ ደም መሰለ። «ሥራ ነው እናቴ። ዛሬ ቸግሮኝ ነው የመጣሁ። የኔትወርኩ ማማ ከጓሮዎ በላይ ስለሆነ እርስዎ ቤት አይቆራረጥም። በኮምፒውተር የማቀርበው አንድ ንግግር አለብኝ።»

«ስለ ድልድዩ።»

«ማን ነገረዎ?»

«ስልክ ያለው ሁሉ። የአስቻለውን ነገር ትናገራለህ?»

«እውነቱን እናገራለሁ እናቴ። ስሕተቱን አንድ በአንድ።»

ከጥቅምት ጀምሮ የጠበቀችው ይህን ነበር። የልጇ ስም የሚነጻው ከዚህ ልጅ አፍ ነው፤ ከሌላ ከማንም አይደለም። ቁጣዋን እንደ ምድጃ እሳት አዳፈነችና «ግባ» አለችው።

ገባ፤ ቤቱንም እንደ ራሱ ቢሮ አደረገው። ኮምፒውተሩን የእህል ሳጥኗ ላይ አቆመ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ግድግዳውን አየ። «ከጀርባዬ ባዶ መሆን አለበት፤ የሰው ዓይን እንዳይሰረቅ» አለና የተሰቀለውን የአስቻለውን ፎቶ አውርዶ መደቡ ላይ በፊቱ ደፋው።

«ደፋኸው?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

«ለጥቂት ጊዜ ነው እናቴ። አሁን እባክዎ ድምፅ እንዳያሰሙ። ይቺ ንግግር ከተያዘችልኝ ፈቃዴ ይታደሳል፣ ደረጃዬም ያድጋል።»

«አፌን እይዛለሁ። ጆሮዬን ግን አልይዝልህም።»

እሷና ነፊሳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ በራና እንደ ርግብ ቤት በየቀዳዳው አንዳንድ ሰው ብቅ አለ። ጉባኤውን የምትመራው ጠጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች መሐንዲስ ናት፤ ሙሉነሽ አሏት። ሙሉነሽ ካሣሁንን አመሰገነች፣ አወደሰች፣ «የወደቀውን ለመናገር የሚደፍር ጥቂት ነው» አለች። ወለተ ጊዮርጊስም በልቧ ይሁንልሽ አለች።

ካሣሁን ጀመረ። የፈረንጅ ቃል አፉ ላይ እንደ ሽንብራ ቆሎ ይንጣጣል። የገመዱን ሥዕል አሳየ፣ የሲሚንቶውን አሳየ፣ የወንዙን አሳየ። ወለተ ጊዮርጊስ ከመሀል አንዳንድ አማርኛ እየለቀመች የልጇን ስም ጠበቀች። የልጇ ስም አልመጣም። ሲጨርስ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ድምፅ አልነበረውም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ሙሉነሽ። «ሰዎቹ ለምን ድልድዩ ላይ ቆሙ? ሰው ሊያልፍበት እንጂ ሊቆምበት አይወጣም እኮ።»

ካሣሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀብር ነበር። ከፊት የነበረው ተሸካሚ ሬሳውን በራሱ ፈቃድ መውጫው ላይ አቆመው። ያልተጠበቀ ነገር ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይሻገር፣ ተራ እንዲጠብቅ ምልክት ተክለን ነበር። የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር ነው እንግዲህ።»

ወለተ ጊዮርጊስ መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

«ግንዛቤ! ማን ነው ግንዛቤ የሌለው? አንተ ልጅ፣ ወደዚህ ዙር!»

ካሣሁን እጁን ሰደድ አድርጎ አንድ ነገር ነካ። «ድምፁን ዘጋባቸው» አለች ነፊሳ፤ ሰሚራ እንዲያ ስታደርግ አይታ ታውቃለች። ወለተ ጊዮርጊስ ግን ለመሐንዲሶች አልነበረም የምትናገረው።

«በራሱ ፈቃድ? አስቻለው ነው ምዕራፍ የሠራ? ሬሳ ተራ ይጠብቃል ወይ? ተናገር! አልቃሽ ‹እናንተ ቅደሙ፣ እኛ ሲወጣልን እናለቅሳለን› ትላለች? ቆርቆሮ ላይ ጽፈህ ወንዝ ዳር ተከልክ። ለማን ነው የጻፍከው? ለእኔ? ሬሳ የማይሸከም ድልድይ ለፍየል ነው የሠራኸው? እዚህ ተወልደህ፣ እዚህ አድገህ፣ የስማዳ ሰው እንደሚሞት አልሰማህም? ሞቶ በጭብጨባ የሚቀበር መሰለህ?»

ጣቷ ከካሣሁን ማጅራት በላይ ይወዛወዛል፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። ከየቀዳዳው ያሉት ፊቶች ወደ እሷ አዘነበሉ።

«ካሣሁን፣ ከኋላህ ያሉት እናት ምን እያሉ ነው?» አለች ሙሉነሽ። «ድምፃቸው አይሰማንም።»

ካሣሁን ድምፁን ከፈተና ጥርሱን አሳየ። «የክርስትና እናቴ ናቸው። እየመረቁን ነው።» ወዲያው መልሶ ዘጋው።

«አሜን!» አለች ሙሉነሽ።

«አሜን! አሜን እማማ!» አሉ ከየቀዳዳው። አንዱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «ዕድሜ ይስጥልን!»

ወለተ ጊዮርጊስ በቆመችበት ደረቀች። የልጇን ደም እየጠየቀች አሜን ተባለላት። ካሣሁን አፏን ነጥቆ ምርቃት ሞላበት።

ድምፅዋ ወረደ። ነፊሳ የጎረቤቷን ጩኸት አትፈራም፤ ድምፅዋ ሲወርድ ግን ታውቀዋለችና በርጩማዋን ወደ በሩ ሳብ አደረገች።

ወለተ ጊዮርጊስ የተደፋውን ፎቶ አነሣች። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሄዳ ከኮምፒውተሩ ፊት አቆመችው፤ ካሣሁን ከአስቻለው ጋር ዓይን ለዓይን ተያየ።

«ክፈተው» አለች።

«እናቴ፣ በእግዚአብሔር፤ እንጀራዬ ነው…»

«አስቻለው እንጀራ አልነበረውም? ክፈተው! በአርባ ቀንህ ያቀፍኩህ በዚህ ክንድ ነው። ካልከፈትከው እሑድ ደጀ ሰላም ቆሜ ‹ልጄ አይደለም› እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ስሞት ከቃሬዛዬ አጠገብ እንዳትደርስ። እጅህ እንዳይነካኝ።»

ካሣሁን እጁን ሰደደ። ነካው።

«ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው እናቴ።»

«እንግዲህ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ለነዚህ የምናገረው የለኝም። አንተ ትናገራለህ። የአባትህ ሬሳ ዋርካ ውኃን ሲሻገር የት ቆመ?»

ካሣሁን መሬት መሬት አየ።

«የት ቆመ?»

«ዋርካው ሥር።»

«ማን አቆመው? አስቻለው?»

«አይደለም። ቄሶቹ ናቸው። ምዕራፍ ነው፤ ሁልጊዜ ይቆማል።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከኋላ። አሸዋው ላይ። እርስዎ እጄን ይዘውኝ ነበር።»

ሙሉነሽ መነጽሯን አወለቀች። «ካሣሁን፣ ይህን ድልድዩን ስትነድፍ ታውቅ ነበር?»

ከገበያው ማዶ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲያጓራ ይሰማል። ካሣሁን ከረባቱን ላላ አደረገ።

«አውቅ ነበር። ንድፉ ለሌላ አገር የተሠራ ነው፤ ሰው ተራርቆ የሚያልፍበት። ቦታውን ስመርጥ ዋርካው ጠንካራ መሬት ላይ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ለቅሶው ትዝ ያለኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አፍርሱ ማለት አፈርኩና ምልክት አስተከልኩ። ወንጀሉ የአስቻለው አይደለም። የእኔ ነው።»

«ይህ ንግግር አይያዝልህም» አለች ሙሉነሽ። «የተናገርከውንም ለሚመለከተው አደርሳለሁ። እማማ፣ ቅድም አሜን በማለቴ አፍሬአለሁ።»

«ሌላ ጊዜ አሜን ከማለትሽ በፊት ምን እንደተባለ ጠይቂ» አለቻት ወለተ ጊዮርጊስ። «ዝጋው አሁን።»

የኮምፒውተሩ ማያ ሲጨልም ካሣሁን ከበርጩማው ወርዶ እግሯ ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ እናቴ።»

«ተነሥ። ፎቶውን ካወረድክበት ስቀል።»

ሰቀለ። አጣመመው፤ አቃናው።

«አሁንስ ይቅር አሉኝ?»

«ቸኩለሃል! ከነዚያ ማን ነው አስቻለውን የሚያውቀው? ባሕር ዳር ያለው ሰውዬ ነው ወፍጮ ቤት ልጄን የሚያማው? ጅማ ያለው ነው ጽዮንን የሚያስለቅሳት? ጠላው በፈሰሰበት ነው የሚጠረገው። ስሙ የጎደፈው ማዶ ነው፤ እሑድ ማዶ ትሻገራለህ።»

እሑድ ጠዋት ወደ ወንዙ ወረዱ። ግንቦት ነውና ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ድልድዩ የለም፤ ምልክቱ ግን ከወዲህ ዳር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። በዚያ አገር የበደለ ሰው ከተበዳዩ ፊት የሚቆመው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ካሣሁን ጎንበስ ብሎ ከወንዙ ድንጋይ መረጠ።

«ተወው» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ድንጋዩ ምን አደረገ? ያ ምን ይላል?» በበትሯ ምልክቱን ጠቆመች።

«ያውቁታል እናቴ።»

«አላውቅም። ግንዛቤ የለኝም። አንብብልኝ።»

«በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው መሻገር ክልክል ነው። ተራዎን ይጠብቁ።»

«እሱን ንቀልና ተሸከም።»

ካሣሁን ያዘው፣ ነቀነቀው፣ አልነቀል አለው። ላብ በጀርባው ወረደ። ነፊሳ ከዳር ሆና «ለዚህስ ሲሚንቶው አላነሰውም!» አለች። በመጨረሻ የብረቱ እግር ከነጓሉ ወጣ። ትከሻው ላይ ጭኖ ወለተ ጊዮርጊስን ሊደግፍ አንድ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ለሸክምህ አድርገው» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ በበትሯ ውኃውን ገባች።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲፈስ ካሣሁን ብረቱን ተሸክሞ ቅጥሩ መሀል ላይ ቆመ። ነፊሳ ከቅጥሩ ውጭ ቀረች፤ ቀጥ የማይለውን ክንዷን አቅፋ ታዳምጣለች። ሰው ከበበው። የወፍጮ ቤት ሴቶችም አሉ።

«ወገኖቼ» ብሎ ጀመረ፤ «ከቴክኒክ አኳያ ስናየው…»

ወለተ ጊዮርጊስ በትሯን ድንጋዩ ላይ ደቃችው። «አባትህ በሚሰሙት ቋንቋ! እዚሁ ነው የተቀበሩ።»

እንደገና ጀመረ። ዋርካውን ነገራቸው፣ ምዕራፉን፣ የማይሆን ድልድይ ተክሎ እያወቀ መተዉን፣ አስቻለው ያላቆመውን ሬሳ አቆመ ሲባል ዝም ማለቱን። ሲጨርስ የወፍጮ ቤት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ጋርደው ነበር። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከመሀል ወጡ።

«እሜቴ» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፤ «አሳርፉ ያልነው እኛ ነን። ሲጠይቁን ግን ፈራን።»

«አባ፣ እንግዲያው እርስዎም ድንጋይ ያሻዎታል» አለቻቸው። «የሚሸከም ጀርባ ካለዎ።»

ማንም አልሳቀ። ከሴቶቹ አንዷ ብቻ «አስቻለው፣ ነፍሱን ይማረው፤ እኛ ነን የበደልነው» አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ወለተ ጊዮርጊስ እያንዳንዷን ፊት እያየች አዳመጠች፤ ዓይኗን የሰበረች ካለች እስክትናገር ጠበቀቻት። ሁሉም ተናገሩ።

ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ብረቱ የካሣሁንን አንገት ሰንብሮታል። የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው።

«እሜቴ፣ ትከሻው ዛለ እኮ» አሉ ቄሱ። «አውርድ ይበሉት።»

ወለተ ጊዮርጊስ ሄዳ ከልጇ መቃብር አጠገብ ተቀመጠች። በትሯን አጋደመች። የክርስትና ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ተራውን ይጠብቅ» አለች።

ጀርባዋንም ሰጥታው፣ ከመቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም መንቀል ጀመረች።